«ፕላዝማ»ና የትምህርት ቴሌቪዥን ቋንቋ፤ ሒሳዊ አስተያየት

«ፕላዝማ» የሚለው ባዕድ ቃል ዛሬ በአማርኛ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ፍቺ ይዞ ይገኛል። አንደኛው የሕክምናና የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች የሚያውቁት ሲሆን፣ የደም ሕዋሳት የሚንሳፈፉበትን ፈሳሽ ያመለክታል። ሁለተኛው የፊዚክስ ነው፤ ከጠጣር፣ ከፈሳሽና ከጋዝ ቀጥሎ አራተኛ የቁስ ሁነታ የሚባለውን፣ አተሞቹ ከኤሌክትሮኖቻቸው የተለያዩበትን ጋዝ ይጠቁማል። ሦስተኛው ፍቺ ግን ከባለሙያ ብዕር ሳይሆን ከትምህርት ቤት ግቢ የወጣ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በሻሸመኔም ሆነ በአዳማ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በጅማ ከመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው «ፕላዝማ» ሲል ደሙንም ጋዙንም አያስብም፤ የሚያስበው በሳተላይት እየተሠራጨ በክፍሉ ፊት ለፊት ይታይ የነበረውን የቴሌቪዥን ትምህርት ነው። መሣሪያው ፕላዝማ ነው፤ ትምህርቱ ፕላዝማ ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ ቆሞ የሚናገረው ሰውም «የፕላዝማ መምህር» ነው። የዕቃው ስም ለአገልግሎቱ፣ የአገልግሎቱ ስም ለሰውየው ሲተላለፍ መመልከት ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ የሚያስደስት ነገር ነው።

የቃሉ ታሪክም ሊነገር የሚገባው ነው። ምንጩ ግሪክ ሲሆን ጥንታዊ ፍቺው «የተቀረጸ፣ ቅርፅ የተሰጠው ነገር» ማለት ነው። የፕላዝማ መስኮት መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የተሠራውም ለመዝናኛ ሳይሆን «ፕላቶ» ለተባለው በኮምፒዩተር የማስተማር ሥርዓት መገልገያ እንዲሆን ነበር። በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረ። እንግዲህ ተማሪዎቻችን ለትምህርቱ «ፕላዝማ» የሚል ስም ሲሰጡ፣ ሳያውቁት ዕቃውን ወደ መጀመሪያ ተግባሩ መልሰውታል ለማለት ይቻላል። ዕቃው ራሱ አሁን ከገበያ ወጥቷል፤ ታላላቆቹ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 መሥራቱን ትተዋል። ቃሉ ግን አልሞተም፤ በከተሞቻችን ጠፍጣፋ የሆነ ማንኛውም ቴሌቪዥን፣ በውስጡ የፕላዝማ ቅንጣት ባይኖርበትም፣ «ፕላዝማ» ሲባል ይሰማል።

ይህን ያተትነው የቃል ታሪክ ስለሚጥመን ብቻ አይደለም። ይህ አገልግሎት ለዓመታት፣ በየትምህርት ቀኑ፣ በመቶ ሺሕ ለሚቆጠሩ ወጣቶች ስለ ሒሳብ፣ ስለ ፊዚክስ፣ ስለ ኬሚስትሪ፣ ስለ ባዮሎጂና ስለ ሥነ ዜጋ ሲናገር ኖሮ ለአማርኛም ሆነ ለኦሮምኛ ያተረፈው ቃል ቢፈለግ፣ ጎልቶ የሚታየው የገዛ ራሱ ስም ብቻ ነው። ክርክራችን ከዚሁ ይነሣል። የትምህርት ቴሌቪዥን ፈለገም አልፈለገ የስያሜ ተቋም ነው። የትኛው የሙያ ቃል በሕዝብ ጆሮ ውስጥ እንደሚቀመጥ በመወሰን ረገድ ከአካዳሚ መዝገብ ይልቅ እርሱ ይበረታል። ስለሆነም የቋንቋው ጉዳይ ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ የሚታሰብበት ሳይሆን ዝግጅቱ የሚጀመርበት መሆን ነበረበት።

በትምህርት ሥርጭት ረገድ አገራችን እንግዳ አልነበረችም። ቴሌቪዥን ከገባ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በዚሁ መሣሪያ ይሰጥ ነበር፤ ሬዲዮኑ ደግሞ ቴሌቪዥን በማይደርስበት ስፍራ ሁሉ ለረዥም ዘመን ዋናው የትምህርት መገናኛ ሆኖ ቆይቷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ኋላ በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የሚታወስ ነው። ዘመቻው በፖለቲካ ረገድ ምንም ቢባልበት፣ በቋንቋ ረገድ ግን ቃል ሳያተርፍ አላለፈም። «መሠረተ ትምህርት» የሚለው ስያሜ ራሱ፣ «ድኅረ መሠረተ ትምህርት» የሚለውም፣ በገጠር ሽማግሌ አፍ ሳይቀር የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ቤት አያያዝ የሚናገሩት ትንንሽ መጻሕፍት በየቋንቋው ሲዘጋጁ ጸሐፊዎቹ ቃል መፈለግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። ለሚሰማው ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ ለመናገር የተነሣ ሰው ከስያሜ ሥራ ማምለጫ የለውም። (በነገራችን ላይ «ሥርጭት» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ረጨ» ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው። እንግሊዞች ለዚሁ ተግባር የሚጠሩበት ስም ዘር በእጅ ከመበተን የመጣ ሲሆን የእኛው ውኃ ከመርጨት መጥቷል። በንጉሡ «ሠ» መጻፉ የልማድ እንጂ የሥርው እንዳይደለ የሚከራከሩ አሉ፤ እኛም ልማዱን ተከትለናል።)

ሻሸመኔን ለምሳሌነት የምንመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ የሐዋሳው፣ የባሌው፣ የወላይታውና የአዲስ አበባው መንገድ ከዚያ ይገናኛሉ። ስሟን ነዋሪዎቿ «የሻሼ ቤት» ከሚል የኦሮምኛ ሐረግ የመጣ ነው ይላሉ፤ ሻሼ የተባለች ሴት እንግዳ ትቀበልበት የነበረ ቤት እንደ ነበር ይተረካል። ትረካው እንደ ብዙዎቹ የቦታ ስም ትረካዎች ማረጋገጫ የሚጠይቅ ቢሆንም ለከተማዪቱ ጠባይ የሚስማማ ነው። በገበያዋ የአርሲ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ከምባትኛ፣ ሲዳምኛና ጉራግኛ ይሰማል። ከዚህም በላይ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተሰጠ መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች የሰፈሩባት በመሆኗ፣ እንግሊዝኛን በአፍ መፍቻነት የሚናገር ነባር ማኅበረሰብ ካለባቸው ጥቂት የአገራችን ከተሞች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ የፕላዝማው እንግሊዝኛ ከሌላው ስፍራ ባላነሰ ሁኔታ በሻሸመኔም እንግዳ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት የትምህርቱን መሰላል ማየት ይበቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ አደረገ፤ በኦሮሚያም ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በኦሮምኛ፣ በ1984 ዓ.ም. በተመረጠው በቁቤ እየተጻፈ ይሰጥ ጀመር። በከተሞች ደግሞ በአማርኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ስለዚህ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ክፍል የሚያልፈው የሻሸመኔ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ የሚያልፈው የክፍል ደረጃ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋ ወንዝ ይሻገራል። ትናንት «ሴሊ» ወይም «ሕዋስ» ይል የነበረው ዛሬ «ሴል» ይላል፤ ትናንት «ሁምነ» ወይም «ጉልበት» ይል የነበረው ዛሬ «ፎርስ» ይላል። ወንዙን የሚያሻግረው መምህሩ ነበር። መምህሩ የእንግሊዝኛውን ቃል በጠመኔ ይጽፍና በአማርኛ ይፈታዋል፤ የሚያፈጥጡ ዐይኖች ካየ በኦሮምኛ ይደግመዋል፤ ምሳሌም ከተማሪዎቹ ኑሮ ይጨምርበታል። ይህ አሠራር በመመሪያ የተፈቀደ አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ እንደ ነውር ይታይ ነበር። እኛ ግን በአገሪቱ በስፋት ሲካሄድ የኖረ የትርጉም ሥራ ነው እንላለን። ማንም አልመዘገበውም፤ ማንም ዋጋ አልሰጠውም፤ ይሁን እንጂ በየክፍሉ በየቀኑ ይሠራ ነበር።

የፕላዝማው አገልግሎት ያቋረጠው ይህንኑ ነው። ፕሮግራሞቹ የተቀረጹት በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበሩ። ከ40 ደቂቃ ገደማ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን መስኮቱ ይወስዳል፤ ለመምህሩ የሚተርፉት የመግቢያና የመዝጊያ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። መስኮቱ አይጠብቅም፤ የሚያፈጥጥ ዐይን አያይም፤ «አልገባንም» ሲሉት አይመለስም። ጥያቄ ይጠይቅና መልስ የሚሰጥ ሳያገኝ ራሱ መልሶ ያልፋል። ተማሪዎችም መምህራንም አብዝተው ያሰሙት ቅሬታ የንግግሩ ፍጥነትና የአነጋገሩ ቅላጼ ነበር፤ ይህ እውነት ቢሆንም የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይመስለንም። ቅላጼው የአዲስ አበባ፣ ፍጥነቱም የኤሊ ቢሆን ኖሮ እንኳ የተሰበረው ድልድይ እንደ ተሰበረ ይቀር ነበር። ድልድዩ ባለሁለትና ባለሦስት ቋንቋው የመምህሩ አንደበት ነበርና።

አገልግሎቱ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይሆንም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚካል ቀለም ሲለወጥ፣ ልብ ሲመታ፣ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ማሳየት ታላቅ ነገር ነው፤ አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድ ሰዓት በዋና ከተማውም በወረዳ ከተማም እንዲደርስ የታሰበው አሳብም ፍትሐዊ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ምስሉ ማንኛውንም ቋንቋ የሚቀበል ሆኖ ሳለ ድምፁ በአንድ ቋንቋ ብቻ መታሰሩ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ስለ ማስተማሪያ ቋንቋ ያስጠናው ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ አመልክቶ ነበር። መሣሪያዎቹ በየትምህርት ቤቱ እየተበላሹ ከሥራ ሲወጡ የቋንቋው ጥያቄ ሳይመለስ ከእነርሱ ጋር ተከድኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢሠራ ኖሮ ቃሉ የት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ አግባብ አለው። ቃሉ ነበር፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚና በእግሩ የተተካው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የጀመሩት የስያሜ ሥራ፣ በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ፍሬ አፍርቷል። ይህም ማለት የፕላዝማው ሥርጭት ሲጀመር መጽሐፉ የ8 ዓመት ዕድሜ ነበረው። ሁለቱ አልተገናኙም። መዝገቡ በመደርደሪያ፣ ሥርጭቱ በሰማይ ቀረ። ነገር ግን ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር ይቃና ነበር ማለትም የዋህነት ነው፤ በወረቀት ላይ ደኅና የሚመስል ቃል በመስኮት ሲነገር የሚጋለጥ ጉድለት ይኖረዋል። ጥቂት ምሳሌዎችን ረጋ ብለን እንይ።

«ሕዋስ»ን እንውሰድ። በግእዙና በቤተ ክህነቱ ትምህርት ሕዋሳት የሚባሉት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። የሥነ ሕይወት መጻሕፍት ቃሉን ወስደው የሕያው አካል ሁሉ መሠረት ለሆነው ለ«ሴል» ሰጡት፤ ያንኑ ቃል ግን «የስሜት ሕዋሳት» በሚለው ሐረግ ውስጥ በቀድሞው ፍቺ ማለትም ለዐይን፣ ለጆሮና ለመሰሎቻቸው ተዉት። በዚህም የተነሣ አንድ የቴሌቪዥን መምህር «ዐይን የስሜት ሕዋስ ነው» ብሎ ሳይጨርስ «ዐይን ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው» ማለት ይገደዳል። ሕዋስ ከሕዋስ ሊሠራ ነው ማለት ነው! በመጽሐፍ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በተለያየ ምዕራፍ ስለሚወድቁ ችግሩ አይጎላም፤ በመስኮት ግን የዐይን ሥዕል በአንድ በኩል፣ በማጉያ መነጽር የሚታየው ሕዋስ በሌላ በኩል ቆመው አንድ ስም ሲጠሩ ተመልካቹ ግራ ይጋባል። (የአብዮቱን ዘመን የሚያስታውስ ጎልማሳ ደግሞ የፓርቲ ሕዋስ ትዝ ይለዋል፤ ይህ ሦስተኛው ነው።) የኦሮምኛው የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች «ሴሊ» ብለው ዓለም አቀፉን ቃል መያዛቸው፣ የቋንቋ ንጽሕና ጠባቂዎችን ባያስደስትም፣ ከዚህ ጣጣ አድኗቸዋል።

ሁለተኛው «ውሁድ» ነው፤ አንዳንዶች «ውህድ» ይሉታል፤ አለመስማማቱ ራሱ ልብ ይባል። ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ንጥረ ነገሮች ተዋሕደው የሚያስገኙትን ነገር የሚያመለክት የኬሚስትሪ ስያሜ ነው። የ«ተዋሕዶ» ዘመድ ስለሆነ ትርጉሙ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በግእዝ በብዙኃኑ «ኀ» የሚጻፍ «ውኁድ» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ «ጥቂት» ማለት ነው። በብራና ላይ «ሐ» እና «ኀ» ይለያዩ ይሆናል፤ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን አንድ ናቸው። ቴሌቪዥን ደግሞ የሚያውቀው ጆሮን ነው። ስለዚህ የስያሜ ኮሚቴ ቃልን በፊደል ብቻ ሳይሆን በድምፅም መመርመር ይገባዋል። ጥብቀትና ልልነት በፊደላችን ስለማይታዩም ተራኪው የሚጠቀምበት ወረቀት ይህን ማመልከት አለበት፤ «እፍግታ» በሚለው ቃል ውስጥ «ፍ» ትጠብቅ ወይም ትላላ የታተመው ገጽ አይናገርም፤ ተራኪው ግን አንዱን መምረጥ ግዴታው ነው፤ እርሱ የመረጠውም ነገ የሕዝብ አነጋገር ይሆናል።

«እፍግታ»ን ካነሣን ዘንድ፣ ከስያሜዎቻችን ሁሉ ለመስኮት የተፈጠረ የሚመስለው እርሱ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም። በአንድ ይዘት ውስጥ የታጨቀውን የቁስ መጠን የሚለካው ይህ ስያሜ ከ«ታፈገ» የመጣ ነው። በሻሸመኔ መናኸሪያ ሰው ታፍጎ የተጫነበትን ሚኒባስና ሁለት ሰው ብቻ የተቀመጠበትን ሚኒባስ ጎን ለጎን ማሳየት ነው፤ መኪናው አንድ፣ ይዘቱ አንድ፣ እፍግታው የተለያየ። ሌላ ማብራሪያ አያሻም። «ጠጣር»ም እንዲሁ ከጠጠር ጋር ስለሚዛመድ ለጆሮ አዲስ ለልብ ግን ነባር ነው።

«ሽምጠጣ» ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በአማርኛ የፊዚክስ ጽሑፎች «ቶሎታ» አቅጣጫ ላለው ፍጥነት፣ «ሽምጠጣ» ደግሞ ለቶሎታ መለዋወጥ ተሰጥቷል። ሽምጥ መጋለብን የማያውቅ አገር የለንም፤ አርሲ ደግሞ የፈረስ አገር ነው። ስያሜው ሲፈጠር ሕያው ሥዕል እንዲኖረው ታስቦ እንደሚሆን አንጠራጠርም። ነገር ግን ሥዕሉን አውጥተን በመስኮት ብናሳየው ምን እናያለን? በሜዳ ላይ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ፣ በፊዚክስ ሕግ ሽምጠጣው ዜሮ ነው። ቃሉ «በጣም ፈጣን መሆን» ይላል፤ ጽንሰ አሳቡ «ፍጥነትን መለወጥ» ነው። የተማሪዎችን የተለመደ ስሕተት፣ ማለትም ፈጣን የሆነ ሁሉ የሚፈጥን ይመስላቸዋል የሚባለውን፣ ስያሜው ራሱ ያጸናዋል። «ፍጥንጥነት» የሚለው ተፎካካሪ ቃል ቅርፁ ለአፍ የሚያስቸግር ቢሆንም ድግግሞሹ የመጨመርን ስሜት ስለሚሰጥ በዚህ ረገድ ይሻላል። የትኛው ይመረጥ የሚለውን ለፊዚክስ መምህራን እንተዋለን። እኛ የምንለው፣ ቃሉ በሥዕል ፊት ቀርቦ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በአንድ ቀን ይታወቅ ነበር።

«ብርሃን አስተፃምሮ» ላይ ብዙ አንዘገይም። በግእዝ ሰዋስው ለተማረ ሰው ውብ ነው፤ ለሌላው ግን ከእንግሊዝኛው የማይሻል ምሥጢር ነው። በመስኮት ሊያድነው የሚችለው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፦ መጀመሪያ «ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲያዘጋጅ እዩ»፣ ስሙ ግን በኋላ።

ይህ የማይቻል ነገር ነው የሚል ካለ ሁለት ማስረጃ እናቅርብለት። አንደኛው በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የሕፃናት ዝግጅት ነው። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ፊደል፣ ስለ ቍጥርና ስለ ተፈጥሮ የምትጠይቀው በአማርኛ ነው። ዝግጅቱ በአማርኛ ታስቦ በአማርኛ ስለ ተጻፈ የዐረፍተ ነገሮቹ ትንፋሽ የቤት ንግግር ነው፤ አዲስ ቃል ሲመጣ ከጥያቄ በኋላ እንጂ ከጥያቄ በፊት አይመጣም። ሁለተኛው ለትምህርት የታሰበ አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን ነው። የባዕድ አገር ድራማዎችን ይዘት የሚወድም የሚነቅፍም አለ፤ ለተርጓሚዎች የሚጠቅመው ግን የሰውየው ከንፈር በሚንቀሳቀስበት ልክ የሚገጥም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በየቀኑ ለሰዓታት ማዘጋጀት እንደሚቻል በተግባር መታየቱ ነው። ለፍቅርና ለቂም ንግግር የተቻለው ለኬሚስትሪ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። በእርግጥ በድራማ ተርጓሚው ቃል ቢያጣ በሌላ ይለውጠዋል፤ በሳይንስ ግን «ቶሎታ» በሚባልበት ስፍራ «ፍጥነት» ብሎ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ከድራማው ተርጓሚ በፊት የስያሜ ሠራተኛው መቅደም አለበት።

ነገሩ የተማሪ ብቻ መሆኑ የቀረው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ወደየቤቱ ገባ። የክፍል ተማሪ መጽሐፍ አለው፤ ከጎኑ የተቀመጠች እናት ግን መጽሐፍ የላትም። ልጅዋ የሚሰማውን ቃል እርስዋም ትሰማለች፤ ካልገባት ዝም ትላለች፤ ከገባት ግን በማግስቱ ከጎረቤት ጋር ስትነጋገር ታነሣዋለች። ለጠቅላላው ሕዝብ የሚሠራ የትምህርት ጣቢያ ተመልካቹ ይህች እናት ናት። ለእርስዋ የሚናገር ጣቢያ «በሚቀጥለው ምዕራፍ እንደምናየው» ሊላት አይችልም፤ ቃሉ በተነገረበት ቅጽበት መፈታት ይኖርበታል። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ በተጨማሪ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ ማሰቡ ጥያቄውን ሰፋ ያደርገዋል። ለአንድ ቋንቋ ያልተሠራ የስያሜ ሥራ ለአምስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል ማለት ነው።

በተግባር የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። ማንኛውም የትምህርት ዝግጅት ከመቀረጹ በፊት ከድርሰቱ ጋር አንድ የስያሜ ወረቀት ይያያዝ። ወረቀቱ የእንግሊዝኛውን ቃል በግእዝ ፊደል ድምፁን ጠብቆ፣ የአማርኛውን ከነጥብቀቱ፣ የኦሮምኛውን በቁቤ ይያዝ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚነገር ፍቺ ይኑረው፤ ስሙ ሲጠራ በመስኮቱ የሚታየው ሥዕል ምን እንደሆነ ይጻፍበት፤ ከሌላ ቃል ጋር በድምፅ የሚጋጭ ከሆነ ይመልከት። ወረቀቱን የሚያዘጋጁት አንድ የትምህርቱ መምህር፣ አንድ የቋንቋ ባለሙያና ድምፁን የሚሰጠው ተራኪ ይሁኑ፤ ሦስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ቃሉ በአፍ ይከብድ እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ነው። ሥራው ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል ቃላት ይጀመር፤ ወንዙ የሚሻገረው ከዚያ ነውና። የአርሲው፣ የወለጋውና የሐረርጌው ኦሮምኛ በአንዳንድ ቃላት ስለሚለያይ የኦሮምኛው ዓምድ በአንድ አካባቢ ሰዎች ብቻ ባይሞላ ይመረጣል። ከላይ ስላነሣነው ስለ «ሕዋስ» ደግሞ፣ ቃሉ ለ«ሴል» ከተሰጠ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት ስለ ታተሙበት መንቀሉ አይቻልም፤ «የስሜት ሕዋሳት» የሚለው ግን በ«የስሜት አካላት» ቢተካ የሚጎዳ ነገር አይኖርም፤ በሚቀጥለው የመዝገበ ቃላቱ እትም ይህ ለውጥ እንዲገባ ለአዘጋጆቹ እናሳስባለን።